ውኃን ከውኃ መለየት

ከባሕር ወለል በላይ 2839 ሜትር ከፍ ብሎ ከሚታየው ከፉሪ ተራራ በታች፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምንኖር ሰዎች፣ ቧንቧችን ተራውን ጠብቆ በፈረቃ የሚፈስ በመሆኑ፣ የመንገደኛን ሕግ ገና ከከተማ ሳንወጣ የተማርን ነን። ውኃ የምትመጣበትን ሌሊት ነቅታ በርሜሉንና ጀሪካኑን የምትሞላ፣ ከሮቶ የወረደውን በባልዲ እየለካች እስከሚቀጥለው ፈረቃ የምታደርስ፣ ለመጠጥ ያኖረችውን ለልብስ አጠባ የማታስነካ የፉሪ የቤት እመቤት፣ በአዋሽ በረሃ ወይም በላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክሎ ለማደር ለሚያስበው ሰው መምህርት ለመሆን የሚጎድላት ነገር የለም። እኔም ለሽርሽርና ለአገር ጉብኝት የሚወጡ ሰዎችን ጓዝ እያሰናዳሁ፣ ድንኳን እየተከልሁና ማእድ እያበሰልሁ የምኖር ሰው ስሆን፣ ስለ ውኃ አያያዝ ከማውቀው የሚበልጠውን ያገኘሁት ከዚሁ ከሰፈሬ ጓዳ መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

በአውሮፓና በአሜሪካ መኝታውንም ማድቤቱንም መታጠቢያውንም ተሸክሞ የሚዞር የቤት መኪና አለ፤ እኛም ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞች በመተማ ገብተው በሞያሌ ሲወጡ ይህን ዓይነት መኪና ለረጅም ዘመን አይተናል። ከዚህ መኪና ብልሃት ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ አልጋው ተጣጥፎ ወንበር መሆኑ ሳይሆን፣ በሆዱ ሦስት የተለያዩ ጋኖች መያዙ ነው፤ አንዱ ንጹሑን ውኃ፣ ሁለተኛው የእጅና የሳህን እጣቢውን፣ ሦስተኛው የመጸዳጃውን ይቀበላል፤ ንጹሑም ከሌሎቹ ጋር በቧንቧም ሆነ በክዳን አይገናኝም፤ ንጹሑን ጋን የሚሞላበት የውኃ ጎማ እንኳ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ለብቻው ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የአክሲማሮስ ሊቃውንት እግዚአብሔር በዕለተ ሰኑይ ዓለሙን መልቶት የነበረውን ውኃ ከፍሎ፣ ከፊሉን ጠፈር አድርጎ እንዳጸናው፣ ከፊሉን ሐኖስ ብሎ ከጠፈር በላይ እንደሰቀለው፣ የቀረውንም በታች እንደተወው ያስተምራሉ፤ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ የካምፕ ሰው የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ውኃን ከውኃ መለየት ነው፤ ምክንያቱም ያልተለየ ውኃ ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም፣ መጠኑ ያልታወቀ ውኃ ደግሞ ቢበዛም አያሳርፍም።

የቤት መኪና ለሌለን ለእኛ መለያው ጀሪካን ነው። የመጠጡ ነጭ ጀሪካን ዘይትም ነዳጅም ቀምሶ የማያውቅ መሆን አለበት፤ የዘይት የነበረው ቢጫ ጀሪካን በፈላ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ቢታጠብም፣ የቆላው ፀሐይ ሲያገኘው የቆየውን ሽታ መልሶ ያወጣልና ለእቃ ማጠቢያ ይመደባል። በሌሊት በባትሪ ብርሃን የሚቀዳ ሰው ቀለም ስለሚሳሳት፣ በመጠጡ ጀሪካን እጀታ ላይ ገመድ አስራለሁ፤ እጅ በጨለማም ቢሆን ቋጠሮን አይስትም።

ወደ ስሌቱ እንለፍ። ርዳታ ሰጪ ድርጅቶች የሚመሩበት «ስፊር» የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአንድ ተፈናቃይ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ሲመድብ፣ ከዚህ ውስጥ ነፍስን ለማቆየት በመጠጥና በምግብ የሚገባው ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ነው ይላል። በቆላ ጉዞ ግን ላብ ብዙ ስለሚወስድ እኔ ለመጠጥ ብቻ 4 ሊትር፣ ለማብሰያ 3፣ ለመታጠቢያና ለእቃ 4፣ በጠቅላላው 11 ሊትር ለአንድ ሰው በቀን እይዛለሁ፤ ስድስት ሰው ሦስት ቀን ቢሰነብት 198 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር ዐሥር ጀሪካን ይሆናል። ሙስሊም ባልንጀራ በመካከላችን ካለ የውዱው ውኃ ከመጀመሪያው ተቆጥሮ በራሱ ጀሪካን ይጫናል፤ ለጸሎቱ ከሌላው ድርሻ እየለመነ እንዲቀዳ ማድረግ ነውር ነው። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ አምስተኛ የሚሆን መጠባበቂያ ይጨመራል፤ እርሱም እንደ ታቦት ተሸፍኖ፣ መኪናው አስፋልት እስኪረግጥ ድረስ ክዳኑ አይከፈትም።

ይህን መጠባበቂያ ከንቱ ሸክም አድርገው የሚያጉረመርሙ መንገደኞች ሲያጋጥሙኝ የመቀሌውን ነገር አነሣላቸዋለሁ። በ1888 ዓ.ም. ጥር ወር ጣሊያናዊው ሻለቃ ጋሊያኖ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከብቦ ሳለ መድፍም ጥይትም ስንቅም ነበረው፤ የሚጠጣው ምንጭ ግን ከቅጥሩ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ይህን አስተውለው ምንጩ እንዲያዝ ባደረጉ ጊዜ፣ በግንብና በመድፍ የታመነው ጦር በጥም ተሸንፎ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ከሰፈር ውጭ በሚገኝ ምንጭ ተማምኖ የሚሰፍር ሰው፣ ጠላት ባይኖርበትም፣ ድርቅ ወይም የሞተ ከብት ያንኑ ሊያደርግበት ይችላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምወደው ነገር መጣሁ። የቤት መኪና በባትሪ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ አለው፤ ቧንቧው ሲከፈት እንደ ከተማ ይፈስሳል፤ ባለቤቶቹም ጥርሳቸውን ሲፍቁ ውኃው መፍሰሱን ይረሱታል፣ ጋኑም ገና በሁለተኛው ቀን ባዶ ይሆናል። አባቶቻችን ግን እጅ ለመታጠብ ያወጡት ሥርዓት፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በቁጠባ የሚስተካከለው የለም፤ አንዱ ማስታጠቢያውን ይዞ ያፈሳል፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ ይታጠባል፣ ሳፋው ከታች ይቀበላል። የሚታጠበው ሰው ውኃውን አያዝዝበትም፤ የሚያስታጥበው ግን እጁ መጥራቱን እያየ በቀጭኑ ያንቆረቁራል፣ ሲበቃም ያቆማል፤ በዚህ ዓይነት አንድ ሰው በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይነጻል። በክብር ምክንያት ለታላላቆች የተሠራው ይህ ልማድ፣ የቀጂውን እጅ ከተጠቃሚው እጅ ስለለየ፣ ሳያስበው የቁጠባ ሥርዓት ሆነ። ስለዚህ በምመራው ካምፕ ሁሉ ከጀሪካን የሚቀዳ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ፣ ሹምም ቢሆን ሀብታም፣ ኩባያውን ይዞ ይቀርባል። መጀመሪያ የሚያፍሩና የሚቆጡ አሉ፤ በተለይ ከውጭ አገር የመጡ የእኛው ልጆች «ራሴ ልቅዳ» ማለት ይወዳሉ። እኔም በትሕትና እምቢ እላለሁ።

በሳፋ የተጠራቀመው የእጅ እጣቢ አይደፋም፤ የድስትና የሳህን የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ሳህኑ በአመድ ወይም በእንጀራ ቁራሽ ከተወለወለ፣ ለመጨረሻው ማጠቢያ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ በጣም ጥቂት ነው። ስንቅም የውኃ ጉዳይ መሆኑን የሚያስተውሉ ጥቂቶች ናቸው። ቆሎና ጭኮ ምንም ውኃ አይጠይቁም፤ በሶ የሚጠይቀው አንድ ኩባያ ነው፣ እርሱም ቢሆን ተመልሶ በሆድ ይገባል፤ ድርቆሽ ፍርፍር ለመሆን ጥቂት ይበቃዋል። ፓስታ ግን አንድ ድስት ሙሉ ውኃ አፍልቶ ካስደፋ በኋላ ነው የሚበላው፤ ሲራራ ነጋዴና ዘማች በሶና ቆሎ ይዘው አገር ያቋርጡ የነበረው የሚበላ ሌላ ነገር ስላጡ ብቻ አይመስለኝም።

ጀሪካኑን የት እንሙላ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብድ ነው። የመጠጡን ሁሉ ከከተማ መያዝ እንደሚገባ አጥብቄ የምመክረው፣ በስምጥ ሸለቆ ያለው የጉድጓድ ውኃ ጥሩ መስሎ ቢታይም በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውኃ ሲጠጡ ያደጉ የወንጂና የአካባቢዋ ሰዎች ጥርሳቸው እንደበለዘ፣ የአንዳንዶቹም አጥንት እንደተጎዳ የታወቀ ነው። ለጥቂት ቀን የሚሰነብት መንገደኛ በዚህ ባይጎዳም፣ ማፍላት መድኃኒት አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባል፤ ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ በድስቱ ስለሚቀር እንዲያውም ይበረታል። የላንጋኖም ውኃ ለዋናና ለእግር ማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ለማጠቢያ የሚሆነው ግን በየመንገዱ ካለ ቧንቧ ቢቀዳ ምንም አይደለም፤ 200 ሊትር 200 ኪሎ ስለሆነ፣ ሁሉንም ከፉሪ ጭኖ ጎማንና ነዳጅን ማድከም ከንቱ ነው።

ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ግን እንደየአገሩ ከፍታ ይለያያል። በፉሪ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሰሜን ተራሮች 3600 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በጨነቅ ሰፈር ወደ 88 ይወርዳል፤ ከባሕር ወለል በታች በሆነው በአፋር ረባዳ ግን 100 ይሞላል። የጤና ባለሙያዎች ውኃው ከተንተከተከ በኋላ በቆላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ እንዲቆይ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። ምስር በጨነቅ ቶሎ አይበስልም፤ በእሳት ላይ በቆየ ቁጥር ውኃ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ከቤት ተዘፍዝፎ ወይም በስሎ ቢሄድ ይሻላል። ማገዶ በሌለበት ደግሞ ሽቶ የሌለበት፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ለ20 ሊትር 40 ጠብታ ተጨምሮ ተነቃንቆ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ በመድኃኒት መደብር የሚሸጠው «ውሃ አጋር» ከተገኘ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመራል። ደፍራሽ ውኃ ግን አስቀድሞ ረግቶ በንጹሕ ነጠላ ካልተጠለለ ክሎሪኑ ከጭቃው ጋር ሲታገል ኃይሉን ይጨርሳል።

የጭነቱን ነገር በአጭሩ ልናገር። ጀሪካን በመኪና ጣሪያ ላይ አይሰቀልም፤ ከታችና ከጎማዎቹ ዘንግ አጠገብ ይታሰራል፤ ግማሽ የቀረው ጋንም በመታጠፊያ ላይ ስለሚናወጥ መኪና ያዘነብላል። ሲሰፈር ግን አንዱ ጀሪካን ሁለት ሜትር ያህል ወደ ላይ ይውጣ፤ ውኃ በ10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ስለሚያገኝ፣ የሁለት ሜትሩ ጥቂት ቢሆንም ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል። በ1880ዎቹ ስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ምንጭ በቧንቧ አውርዶ ወደ ምኒልክ ግቢ ኮረብታ መልሶ ባወጣው ጊዜ ሰው ሁሉ ተአምር ነው ያለው ሥራ፣ ከዚህ ሕግ ሌላ ምሥጢር አልነበረውም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ያልተከፈተው መጠባበቂያ በመንገድ ዳር ከብት ለሚጠብቁ ልጆች ይሰጣል፤ እነርሱም «ሃይላንድ!» እያሉ የሚጣሩት ባዶውን ፕላስቲክ ለመለመን ነውና ሙሉ ጀሪካን ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ይጠራጠራሉ። እጣቢው ደግሞ ካምፑ ሳይለቀቅ፣ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይፈስሳል፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ሰው የሚሰለችበት ነው። ጀሪካንም ሆነ የቤት ሮቶ ሲከርም ውስጡ የሚያዳልጥ ልባስ ያበጃል፤ ስለዚህ ለ1000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና እየተጨመረ ይሞላል፣ በቧንቧዎቹ ሁሉ ጥቂት ይፈስሳል፣ አድሮም ተደፍቶ ሽታው እስኪለቅ ይታጠባል። ከዚያ ጀሪካኑ አፉን ወደ ታች ደፍቶ እስኪደርቅ ይቆያል፤ ሮቶውም ያለ ክዳን አያድርም፤ በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያስጨነቀውን የዴንጊ ንዳድ የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በረግረግ ሳይሆን እንዲህ ባለው የቤት ውኃ ውስጥ ነውና። የፉሪው ፈረቃ ጀሪካኖቹ ሳይደርቁ ከደረሰ፣ ቢጫዎቹ በዚያው ሌሊት ይሞላሉ፤ ነጮቹ ግን የሚቀጥለውን ተራ ይጠብቃሉ።