ከመማሪያው መጽሐፍ ጎን

የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ የጣሊያንን ወረራ በጥቂት አንቀጽ ነግሮን ያልፋል፦ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አለቀ። ጎጃም ውስጥ ፈረስ ቤት ለሚማር ልጅ ግን ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች መውጫ መግቢያ ቢያሳጡት።

ለልጆች የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍን የምወድደው ይህን ቅርበት ስለሚያሳይ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ በፊት ሰው ያሳያል፤ በሌሊት ስንቅ የምትቋጥር እናት፣ መልእክት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ እረኛ። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ስንቱን ተማሪ በጨዋታ መልክ ከቁም ነገር አገናኝተዋል!

አንዲት መምህርት እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በክፍል ጮክ ብላ ታነባለች እንበል። እረኛው ወንዙ ዳር ሲደርስ መጽሐፉን በጣቷ ይዛ ታቆምና «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» ትላለች። ክፍሉ ይንጫጫል። አንዱ «በዋሻ ይደበቅ» ሲል፣ ሌላዋ ከአያቷ የሰማችውን ታመጣለች። መማሪያው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ልጆቹ ያን ጊዜ መልስ ፈልገው ነው የሚያነቡት።

መጽሐፉ ግን እውነቱን ይንገራቸው። አርበኛው እንደሚራብና እንደሚፈራ፣ በዚያው መንደር ባንዳም እንደነበረ አይደብቅ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው ይበዛል፤ አንዳንዱንም ቤት ወስደው አያቶቻቸውን ይጠይቃሉ።