የማያየውን የሚያውቅ ተከላካይ

በእግር ኳስ ጌሞች ውስጥ ስላሉ ተከላካዮች በብዛት የሚሰማው ወቀሳ «አያስቡም» የሚል ነው። አጥቂው በአጠገባቸው ሲያልፍ ፈዘው ይቀራሉ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ይሄዳሉ፣ መሀሉ ባዶ ይሆናል። ወቀሳው እውነት አለው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት መድኃኒት ግን የተሳሳተ ነው፤ ይበልጥ ፈጣን፣ ይበልጥ ብልህ፣ ሁሉን የሚያነብ ተከላካይ ይጻፍ ይባላል። በእኔ እምነት የጌም ተከላካይ ችግሩ የሚያውቀው ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። እውነተኛ መከላከል የሚመጣው ዕውቀቱን ስንቀንስበትና የቀረችውን ከጓደኞቹ ጋር እንዲጋራ ስናስገድደው ነው።

አንድ ሰንጣቂ ኳስ በቅርበት እንመልከት። አማካዩ ኳሷን በሁለቱ የመሀል ተከላካዮች መካከል ይለቃታል፤ አጥቂው ከአንደኛው ጀርባ ተነሥቶ ይሮጣል። ኳሷ ከእግር በተላቀቀችበት ቅጽበት ፍጥነቷ፣ አቅጣጫዋና የምትደርስበት ቦታ በማሽኑ ውስጥ ተሰልተው አልቀዋል። የተከላካዩን ኮድ ለሚጽፍ ሰው ቀላሉ መንገድ ያንን ውጤት አንሥቶ መጠቀም ነው። እንዲህ ከተደረገ፣ በሴኮንድ 60 ፍሬም በሚሠራ ጌም ተከላካዩ ከሴኮንድ አንድ ስድሳኛ በኋላ ወደ ትክክለኛው ቦታ መሮጥ ይጀምራል። ሰው እንዲህ አይችልም። ያየውን ተገንዝቦ ሰውነቱን ለማንቀሳቀስ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል፤ ፊቱ ወደ ሌላ ከነበረ መዞሪያውም ይጨመርበታል። ሩብ ሴኮንድ ብቻ ዘገየ ብንል፣ በሴኮንድ 8 ሜትር የሚሮጠው አጥቂ በዚያች ጊዜ 2 ሜትር ይቀድመዋል። ሰንጣቂ ኳስ የሚባለው ጥበብ የሚኖረው በእነዚያ 2 ሜትሮች ውስጥ ነው። ተከላካዩ ሳያይ ካወቀ ጥበቡ ከጨዋታው ይጠፋል።

ሠሪዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሁሉን የሚያውቀውን ተከላካይ መልሰው ያደክሙታል። ፍጥነቱን ይቀንሱበታል፣ ወይም ከመቶ ይህን ያህል ጊዜ እንዲሳሳት በዕጣ ያዙታል። ውጤቱን ተጫዋቹ ወዲያው ይታዘበዋል፤ ኳሷ ሳትመታ ቦታውን የያዘ ሰው በሚቀጥለው ቅጽበት ያለ ምክንያት እግሩ ሥር የመጣችውን ኳስ ያሳልፋል። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አይታይም። የተሻለው መንገድ ስሕተቱ ምክንያት እንዲኖረው ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ተከላካይ የእይታ ወሰን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወሰን የወጣውን አጥቂ የሚያውቀው ለመጨረሻ ጊዜ ባየበት ቦታና ፍጥነት ብቻ ይሆናል። ዞር ብሎ እስኪያየው ድረስ ግምቱ ከእውነቱ እየራቀ ይሄዳል። ይህ ሲሆን ከክንፍ የሚሻገር ኳስ ለተከላካዩ በእርግጥም ፈተና ይሆናል። ኳሷ በአንድ ወገን፣ ሰውየው በሌላው ወገን ስለሆኑ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልምና፣ አንገቱን ማዞር አለበት። አጥቂውም ከጀርባ መሮጥ የሚያዋጣበትን ጊዜ መምረጥ ይማራል።

የአንድ ሰው ዓይን ግን ብቻውን የኋላ መስመር አይሠራም። የኦፍሳይድ ሕግ አንድ ተከላካይ አንድ እርምጃ ቢዘገይ የአራቱን ሥራ እንዲያፈርስ ያደርገዋል፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1925 በአጥቂውና በግብ መስመሩ መካከል ሊኖሩ የሚገቡትን ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ካወረደ ወዲህ ደግሞ ያች እርምጃ ይበልጥ ውድ ሆናለች። በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣው የአሠልጣኝ አሪጎ ሳኪ ሚላን፣ 105 ሜትር በሚረዝም ሜዳ ላይ ከኋለኛው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለውን ርቀት ወደ 25 ሜትር ገደማ አጥብቦ ይጫወት ነበር። ይህን ያስቻለው የጋራ ንባብ ነው። ኳሷን የያዘው ሰው ጫና ካለበት ወይም ጀርባውን ከሰጠ መስመሩ ወደ ፊት ይወጣል፤ ነፃ ሆኖ ቀና ካለ ወደ ኋላ ይሸሻል። በኮድ ይህ ከባድ አይደለም። የኳሷን ነፃነት የሚለካ አንድ ቁጥር ለቡድኑ ይሰላል፣ አራቱም ያንኑ ያነባሉ። ጥፋት የሚመጣው እያንዳንዱ ለብቻው ሲያሰላ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ማን ማንን ይያዝ የሚለው በቡድን ደረጃ፣ በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሊወሰን ይገባል፣ በጥቃቅን ልዩነትም ሊገለባበጥ አይገባም፤ የእግር አጣጣሉ ግን በየፍሬሙ የተከላካዩ የራሱ ይሁን። እንዲህ የተሠራ መስመር የሩቁን ክንፍ አጥቂ ሆን ብሎ ነፃ ይተወዋል። 50 ሜትር የምትሻገር ኳስ በሴኮንድ 20 ሜትር ብትበር እንኳ 2.5 ሴኮንድ ትፈልጋለች፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ መስመሩ ተንሸራትቶ ይደርሳል። ሥራውን ለመፈተን እኔ ከግብ ቁጥር ይልቅ የምመርጠው አንድ ዘዴ አለ፤ ኳሷን ከስክሪኑ ደብቆ፣ ከተከላካዮቹ አቋም ብቻ የት እንዳለች ማወቅ ይቻል እንደሆነ ማየት።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሰዓቱ ይመጣል። የኢኤ ስፖርትስ የእግር ኳስ ጌም የኢንተርኔት ግጥሚያ ባብዛኛው ሁለት የ6 ደቂቃ አጋማሽ ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን የሚሮጡት በሰው ፍጥነት ነው። በ2022 የዓለም ዋንጫ በ64 ጨዋታ 172 ግብ ተቆጠረ፣ በጨዋታ 2.7 ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው መጠን 12 ደቂቃ ብንጫወት በሦስት ግጥሚያ አንድ ግብ ብቻ እናይ ነበር፤ ይህን ማንም አይገዛም። ልክ ነው፣ ስሕተት መብዛት አለበት። የሚበዛው ግን ያው የሰው ስሕተት ይሁን፤ የእይታ ወሰኑ ይጥበብ፣ መዘግየቱ ይርዘም፣ መስመሩ የጋራ ቁጥሩን ቆይቶ ያንብብ። ግቡ ሲቆጠር ተሸናፊው ማን ፊቱን አዙሮ እንደነበር በድጋሚ ምስሉ ላይ ማግኘት አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተጫዋቹ ነው፤ ኮምፒውተሩ በደንብ ከተከላከለ እኔ ምን ልሠራ? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ፊፋ 12 የተባለው ጌም ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ኳስ የሚያስቀማውን አሠራር ትቶ መጠበቅንና ጊዜውን ጠብቆ መንጠቅን ዋናው ዘዴ ሲያደርግ ብዙዎች ተቆጥተው ነበር፣ አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር። ድንበሩ እዚህ ላይ ይሰመር እላለሁ፤ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀሱት ጓደኞች ቦታ ይዝጉ፣ ኳስ አይንጠቁ። ሸርተቴውም፣ ከመስመር ወጥቶ መግጠሙም፣ የሚያስከትለው ቀዳዳም ጆይስቲኩን የያዘው ሰው ድርሻ ይሁን።

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ለምን አስፈለገ፣ ማሽኑ ራሱ ይማር የሚሉም አሉ። ጉግል በ2019 ለዚሁ ብሎ የእግር ኳስ መለማመጃ ፕሮግራም ለተመራማሪዎች ከፍቷል። ነገር ግን በማሸነፉ ብቻ የሚሸለም ማሽን የሚማረው የጌሙን ቀዳዳ ነው፤ የሰውን ጨዋታ እንዲመስል የሚያስገድደው ነገር የለም። ጉግል ዲፕማይንድ ከሊቨርፑል ጋር የሠራውና በ2024 የታተመው ታክቲክኤአይ የተባለው ፕሮግራም ይበልጥ ተስፋ ይሰጣል፤ ከ7,000 በላይ እውነተኛ የማዕዘን ምቶችን አጥንቷል፣ የክለቡ ባለሙያዎችም ሐሳቦቹን ባብዛኛው ከነበረው አሰላለፍ መርጠዋቸዋል። የማዕዘን ምት ግን ኳሷ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ቦታውን ይዞ የሚጀመር ነው። በክፍት ጨዋታ መረጃው የሚነግረን ተከላካዩ የት እንደነበር እንጂ በዚያ ቅጽበት ምን እንዳየ አይደለም። ስለዚህ የሚማረው ማሽንም ቢሆን የሚሰጠው ግብዓት በዚያው የእይታ ወሰን ውስጥ ያለፈ መሆን አለበት፤ ያን ወሰን የሚያሰምረው ደግሞ አሁንም ኮዱን የሚጽፈው ሰው ነው።