የቂም ግንብ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1846 ዓ.ም. ያሳተማት አንዲት አጭር ታሪክ አለች፤ ስሟም «የአሞንቲላዶ በርሜል» ይባላል። አሞንቲላዶ የእስፓኝ የወይን ጠጅ ነው። ነገሩ የሚፈጸመው በአንድ የኢጣልያ ከተማ፥ በአንድ የበዓል ምሽት ነው።

ሞንትሬሶር የተባለ ሰው ፎርቱናቶ የሚባለውን ወዳጁን «ሰደበኝ» ብሎ ቂም ይይዝበታል። ነገር ግን ፊቱን አያጠቍርበትም፤ ይሥቅለታል፤ ለጤናውም ያሰበ ይመስላል። ፎርቱናቶ የወይን ጠጅ ዐዋቂ ነኝ ባይ ነውና፥ በዚያው ትምክሕቱ አጥምዶ የሙታን ዐፅም ወደ ተከመረበት ምድር ቤት ይወስደዋል፤ በሰንሰለት አስሮም ከነሕይወቱ በግንብ ይዘጋበታል።

ፖ ሥነ ጽሑፍ ለስብከት መዋል የለበትም የሚል ደራሲ ነበረ። ስለዚህ ምክሩን በቃል አይነግረንም፤ በምሳሌ ሰውሮ ያኖረዋል እንጂ። ፎርቱናቶ ማለት ባለ ዕድል ማለት ነው፤ ዕድለኛው ግን የአጫዋች ዝንጕርጕር ልብስ ለብሶ፥ በቆቡ ላይ ቃጭል አንጠልጥሎ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። በመጨረሻም ከግንቡ ውስጥ የሚሰማው መልስ ያው የቃጭል ድምፅ ብቻ ነው። ቤት የሚሠራበት የግንበኛ መሣሪያ መቃብር ይሠራበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የሞንትሬሶር ቤተ ሰብ ዓርማ ነው። በዓርማው ላይ አንድ የወርቅ እግር እባብ ይረግጣል፤ እባቡም ተረከዙን ነክሷል። ሞንትሬሶር ራሱን እንደ እግሩ ይቈጥራል፤ አድፍጦ የሚነድፈው ግን ማን ነው? ደግሞስ ከሁለቱ ማን ያመልጣል? የተረገጠው ቢደቅም፥ የረገጠው መርዙን ይዞ ይሄዳል። ሞንትሬሶር ይህን የሚተርከው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። የሟቹ ጭንቅ አብቅቷል፤ ገዳዩ ግን ዛሬም ከግንቡ ሥር አልተለየም።

አንድ ነገር ልብ በል። የፎርቱናቶ ስድብ ምን እንደ ነበረ በታሪኩ ውስጥ ከቶ አልተነገረም። ይኸን የደራሲው ጕድለት የሚያደርግ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን የታሪኩ ቍልፍ ይመስለኛል። በአገው ምድርም ሆነ በቀረው ጎጃም፥ የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ የሚጠየቁት «ምን በደለህ?» ተብለው ነው። በደል በአደባባይ ሲነገር ልክ ያገኛል፤ ካሳ ይቈረጥለታል፤ ዕርቅም ይከተለዋል። ሞንትሬሶር ግን ራሱ ከሳሽ፥ ራሱ ዳኛ፥ ራሱ ፈጻሚ ሆነ። ያልተነገረ በደል ልክ የለውምና ቅጣቱም ልክ አጣ።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነጻ አይደለንም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን፤ ደም ያልመለሰ ወንድ አይደለም የሚለው ፉከራም ስንቱን ልጅ ያለ አባት አስቀርቷል።

በቆሰበር አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ላዩ ጸጥ ያለ ነው፤ ጕድጓዱን የከፈተው ግን የምድር እሳት ነው። ቂም የያዘ ፈገግታም እንዲሁ ነው። ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ ቢበድሉህ በሣቅ አትሸፍነው፤ በደልህን ለሽማግሌ፥ ለዳኛ፥ ለራሱ ለበዳዩም ንገር። የቂም ግንብ የሚሠራ ሰው ከየትኛው ወገን ተዘግቶ እንደሚቀር አያውቅምና።