የሬይመንድ ቤሪ እጆች

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ሬይመንድ ቤሪ ለባልቲሞር ኮልትስ ቡድን በተሰለፈባቸው 13 የውድድር ዘመናት 631 ኳሶችን ተቀብሏል። በ1967 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ጫማውን ሲሰቅል በናሽናል ፉትቦል ሊግ ታሪክ ይህን ያህል ኳስ የያዘ ሌላ ተጫዋች አልነበረም። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከያዛት በኋላ ኳሷ ከእጁ የወደቀችበት ጊዜ ከሁለት አይበልጥም።

ይህን ለማድነቅ የተቀባይን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ሞላላ ናት፤ እየተሽከረከረች፣ በፍጥነት ትመጣለች። ተቀባዩ ከሚጠብቀው ተከላካይ ማምለጥ፣ ወርዋሪው በሚፈልገው ቅጽበት በሚፈልገው ቦታ መገኘት፣ ኳሷን መያዝ አለበት። ከሁሉም የሚከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ኳሷ ጣቱን በነካችበት ቅጽበት ከእሱ የሚገዝፉ ሰዎች በሙሉ ኃይላቸው ይላተሙታል፤ ክንዱን ይመቱታል፤ ከብብቱ ሊመነጭቋት ይታገላሉ። ቤሪ ይህን 631 ጊዜ ተጋፍጧል።

ተፈጥሮ ለዚህ ሥራ አላደላችለትም። በ1933 በቴክሳስ ተወለደ። አባቱ ፓሪስ በምትባል የቴክሳስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን አሰልጣኝ ነበሩ፤ ሆኖም ልጃቸው በዚያው ቡድን ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በመጨረሻው ዓመት ነው። በሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ሦስት የውድድር ዘመን ተጫውቶ የያዘው 33 ኳስ ብቻ ነበር። በ1954 ክለቦች ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ ኮልትስ ስሙን የጠሩት በ20ኛው ዙር ነው። ፈጣን ሯጭ አልነበረም። ጀርባው ስለሚያመው መደገፊያ ይታጠቅ፣ ዓይኑ ደካማ ስለነበር ኮንታክት ሌንስ ያደርግ ነበር። በ1955 በመጀመሪያ ዓመቱ የያዘው 13 ኳስ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ክህሎቱን ከባዶ መሥራት ነበረበት፤ ቤሪም እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው ሠራው። ጣቶቹ እንዲጠነክሩ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ፑቲ በመዳፉ ይጨምቅ ነበር። ጥሩ ሆና የመጣች ኳስ ማንም ይይዛታል ብሎ ክፉ ክፉውን መለማመድ ያዘ። ከራሱ በላይ የምታልፍ፣ ከጉልበቱ በታች የምትወርድ፣ ከጀርባው የምትቀር ኳስ ሆን ተብሎ እንድትወረወርለት ይጠይቅ ነበር፤ እያንዳንዷን ዓይነት ሰውነቱ እስኪለምዳት ይደጋግማታል። ወርዋሪ ሲያጣ ባለቤቱ ትወረውርለት ነበር። ከተከላካይ የሚያመልጥባቸውን እንቅስቃሴዎችም 88 አድርሶ ነበር። ብዙ ተጫዋቾች የጨዋታ ፊልም የአሰልጣኝ ሥራ ነው በሚሉበት ዘመን እሱ የራሱ ፕሮጀክተር ነበረው፤ የሚገጥመውን ተከላካይ እግር አጣጣል እያጠና ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

በ1956 ጆኒ ዩኒታስ ኮልትስን ተቀላቀለ። ዩኒታስ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ነበር። ሁለቱ ከልምምድ በኋላ ሌላው ሲበተን ሜዳ ላይ እየቀሩ ሰዓታቸውን አስማሙ። ቤሪ ገና ሳይዞር ኳሷ ከዩኒታስ እጅ ትወጣለች፤ ሲዞር ትደርሳለች።

ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ጨዋታ ታየ። ዲሴምበር 28 ቀን 1958፣ በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም፣ ኮልትስ ለሊጉ ዋንጫ ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር ገጠሙ። ቤሪ ከጨዋታው በፊት ሜዳውን እየዞረ መሬቱ የት እንደሚያንሸራትት፣ የት እንደለሰለሰ መረመረ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር ጃያንትስ 17 ለ14 ይመሩ ነበር፤ ኮልትስም ኳሷን የተረከቡት ከራሳቸው ጫፍ 14 ያርድ ላይ ነው። አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል፤ ከፊታቸው የነበረው 86 ያርድ ነው።

የጃያንትሱ ተከላካይ ሃርላንድ ስቫሬ ከተለመደ ቦታው ወጥቶ ቤሪ አፍንጫ ሥር ቆመ። የታሰበው ሩጫ ተዘጋ። ዩኒታስና ቤሪ ተያዩ። ተከላካይ እንዲህ አድርጎ ቢቆም ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ተነጋግረውበት ስለነበር ቃል አላስፈለጋቸውም። ቤሪ ወደ ውጭ የሚሮጥ መስሎ ተራመደ፤ ስቫሬ ተከተለው፤ ወዲያው ቤሪ እግሩን ተክሎ ወደ መሃል ታጠፈ። ኳሷ እዚያ ጠበቀችው። 25 ያርድ ተገኘ። ቀጥሎም ለእሱው 15 ያርድ፣ እንደገና ለእሱው 22 ያርድ። በሦስት ተከታታይ ኳስ 62 ያርድ ተሸፈነ። ሰባት ሰከንድ ሲቀር የኮልትሱ ስቲቭ ማይራ በእግሩ መትቶ አቻ አደረጋቸው፤ ኮልትስ በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ17 አሸነፉ። በዚያ ቀን ቤሪ 12 ኳስ ይዞ 178 ያርድ አስጉዟል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለሦስት ተከታታይ የውድድር ዘመን ብዙ ኳስ በመያዝ በሊጉ የሚበልጠው አልነበረም። በ1973 በፉትቦሉ የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ።

በተፈጥሮ የታደለ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል። ቤሪ ግን ክህሎቱን ቁራጭ በቁራጭ የገጣጠመው ራሱ ስለሆነ ፈትቶ ለሌላው ማሳየት ይችል ነበር። ከ1968 ጀምሮ በዳላስ ቡድን በዋና አሰልጣኙ ቶም ላንድሪ ሥር በረዳትነት ሠራ፤ በሌሎች ቡድኖችም ቆይቶ በ1984 የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ይዞት የመጣው እምነት ያው የድሮው ነው፦ ኳሷ ውድ ናት። ያንተ ከሆነች አትልቀቃት፤ የሌላው ከሆነች ንጠቀው። መንጠቅንም እንደ መያዝ ሁሉ በየዕለቱ የሚለመድ ሥራ አደረገው።

ፍሬው በ1985 የውድድር ዘመን ታየ። ፓትሪየትስ 11 ጨዋታ አሸንፈው ወደ ጥሎ ማለፉ ገቡ፤ ሦስቱንም ግጥሚያ በባላጋራ ሜዳ ተጫውተው ሦስቱንም አሸነፉ። በነዚህ ሦስት ጨዋታዎች 16 ጊዜ ኳስ ከተቃራኒ ቀምተዋል። በመጨረሻው ለ18 ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፈው በተመለሱበት የማያሚ ሜዳ 31 ለ14 ረቱ፤ የማያሚው አሰልጣኝ ዶን ሹላ ደግሞ በባልቲሞር ቤሪን ያሰለጠነ ሰው ነበር። ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ወደሆነው ሱፐር ቦውል ደረሰ።

እዚያ በቺካጎ ቤርስ 46 ለ10 ተሸነፉ፤ በዚህኛው ጨዋታ ስድስት ጊዜ ኳስ የተነጠቁት ራሳቸው ፓትሪየትስ ነበሩ። ሽንፈቱ መራራ ነው፤ ቤሪ ያስተማረውን ግን አያፈርስም፤ እንዲያውም ያጸናዋል። ኳሷን የያዘ ያሸንፋል ብሎ ነበር፤ የያዘው አሸነፈ። ቤሪ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ያረጋገጠው ታላቅ እጅ የሚሠራ ነገር መሆኑን ነው፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በሌላው ላይ ሊሠራው ይችላል። ከ631ዱ ኳስ ሁሉ ይህን አበልጣለሁ።