የኩዋታ ቀለም፣ የሆሳዕና ጀበና

የጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ የታኩሮ ኩዋታ የሻይ ጽዋዎች ሻይ ሊጠጣባቸው የተሠሩ አይመስሉም። ሮዝ፣ ቢጫና ሰማያዊ ልባጣቸው ክረምት እንደራቀው ማሳ ተሰነጣጥቆ ይገለበጣል፤ ወርቅና ፕላቲኒየም በጎናቸው ይንጠባጠባል፤ ከሸክላው ገላ ድንጋይ ፈንድቶ ይወጣል። በ1981 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ የተወለደው ኩዋታ የሚሠራው በጥንታዊው የሸክላ ሠሪዎች አገር፣ በጊፉ ነው። ለዓይን አመፀኛ ቢመስልም ወራሽ ነው። የልባጡን መሸብሸብ «ካይራጊ»፣ የድንጋዩን መፈንዳት «ኢሺሃዜ» ብለው ስም ያወጡለት የጃፓን የሻይ ሥርዓት አዋቂዎች ከእሱ በፊት ኖረዋል። እሱ ያንን ውበት እስከ ጥግ አጋነነው።

በእኛ አገር፣ በሐዲያና በከምባታ፣ ሆሳዕና፣ ዱራሜና አንጋጫ ገበያ ላይ የሚደረደሩት ጀበናዎች፣ ምጣዶችና ድስቶች ሌላ ሥርዓት ያላቸው ናቸው። ሴቶች ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ያበጇቸዋል፤ በሜዳ እሳት ይተኮሳሉ። እዚህ ጠጠር ጠላት ነው፤ ጭቃው ውስጥ ከቀረ ዕቃውን እሳት ላይ ይሰነጥቀዋል። አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ግን ሆን ተብሎ ይጨመራል፤ ጀበናው በየቀኑ እሳት ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሙቀቱን ድንገተኛ ለውጥ የሚችለው በዚህ ነው። ኩዋታ ድንጋዩን ለዓይን አወጣው፤ የሐዲያና የከምባታ ሸክላ ሠሪ ጠጠሩን ለቅማ አሸዋውን ለጽናት አፈር ውስጥ ቀበረችው። በእኔ ግምት የእሷ ዕውቀት በምንም አያንስም።

ቀለሙስ? የሜዳ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ አያልፍም። የፖርሴሊን ልባጥ የሚቀልጠው ደግሞ ከ1200 በላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ሸክላ ገጽ በድንጋይ ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ጢስ የነካው ቦታ ጥቁር ደመና ይጥልበታል። አካባቢው የቀለም ፍቅር ጎድሎት አይደለም፤ የጎረቤት ሃላባ ቤቶች በሥዕልና በቀለም የደመቁ ግድግዳዎች ለዚህ ምስክር ናቸው።

የኩዋታን ጽዋና የእኛን ጀበና የሚለያያቸው ግን ከምድጃው ይልቅ ተመልካቹ ነው። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስለ ኢትዮጵያ የተገለሉ ሕዝቦች የሚያትተው መጽሐፍ እንደሚያሳየው፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎች በጋብቻ፣ በማዕድና በመሬት ተገልለው ኖረዋል። ሐዲያና ከምባታም ከዚህ አልወጡም። ሠሪዋን የናቀ ዓይን የእጇን ሥራ መመዘን አይችልም። በእሷ ጀበና ቡና ቀድተን እየጠጣን በእሷ ቤት መቀመጥን የተጠየፍንበት ዘመን ሥነ ጥበባችንንም አደህይቶታል፤ ሸክላዋ ከሥነ ጥበብ ሂስ ገጾች ርቆ በባህል ጥናት መደርደሪያ ላይ ቀርቷል።

በዚያ መደርደሪያ ላይ ግን አንድ ጠቃሚ ፍንጭ አለ። ጃፓናዊቷ የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ ሞሪዬ ካኔኮ በደቡብ ኢትዮጵያ በአሪ ሴት ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ባደረገችው ጥናት፣ ልጆች ከእናታቸው ቢማሩም የየራሳቸውን የእጅ አካሄድ እንደሚያዳብሩ አሳይታለች። ይህ ግኝት «ባህላዊ ዕቃ» ብለን በጅምላ የምንጠራው ሥራ ደራሲ እንዳለው ይነግረናል። ስለዚህ አንጋጫ ላይ የምናገኘውን ጀበና ስንመረምር የአንገቱ ቅጥነት የማን ምርጫ እንደሆነ፣ ሠሪዋ ከማን ተምራ ምን እንደለወጠች፣ ገዢዎች የእሷን ሥራ ለይተው ለምን እንደሚፈልጉ ልንጠይቅ ይገባል። በሙዚየም ሲቀመጥም፣ እሷ ከፈቀደች፣ ከብሔረሰቡ ስም ጎን የእሷ ስም ይጻፍ።