አንድ ስንዝር

አዲስ የመጣው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ብረቱን ገና ከመነሣቱ ለምን ያስቆሙታል? ክሬኑ እኮ የሚከፈለው በሰዓት ነው» አለኝ። ፎርማኑም በዚህ ነገር አይወደኝም። እኔ ግን ብረቱ አንድ ስንዝር ተነሥቶ፣ ረግቶ ካላየሁት ለክሬኑ ኦፕሬተር ጣቴን ወደ ላይ አላነሣም።

ሰው የሚፈራው ከፍታውን ነው። ብረት አናቱ ላይ ሲያልፍ ማንም ይሸሻል። ስንዝሯን ግን ማን ይፈራታል? መንጠቆው ከክብደቱ ማዕከል በላይ ካልዋለ፣ ብረቱ መሬት በለቀቀባት ቅጽበት መንጠቆው ሥር ሊገባ ይንሸራተታል። መንገዱ ላይ ያገኘውን እግርና እጅ ከክምሩ ጋር ያጣብቃል።

አብሮኝ የሠራ አንድ ኦፕሬተር (በበሽታ ነው የሞተው፣ ነፍሱን ይማር) «ቀስ ካልክ ይወዛወዛል፤ ሳብ አድርገህ አንሣው» ይል ነበር። በስንት ምሳ ሰዓት ተጨቃጨቅን! ድንገት የተሳበ ገመድ የሚሸከመው ከብረቱ ክብደት በላይ መሆኑን ሊሰማኝ አልፈለገም። ስንዝሯ ላይ የገመዱንም አከፋፈት አያለሁ፤ ሁለቱ የገመድ እግሮች ተከፍተው ከአግድሙ 30 ዲግሪ ከደረሱ እያንዳንዳቸው ሙሉውን ክብደት ይሸከማሉ። ገመድ አጠረ ብሎ እግሮቹን የመክፈት ጣጣው እንግዲህ ይኼ ነው።

ቃሊቲ መጋዘን ስናቆም ኤችኢቢ 300 የሚባል ባለ 12 ሜትር ብረት አሰርኩ። በሜትር 117 ኪሎ፣ በድምሩ 1.4 ቶን። መሐሉን በዓይኔ ነበር የመጠንኩት። ቀላሉ ጫፍ ቀድሞ ተነሣ፤ ከባዱ ክምሩ ላይ ተጎተተና ዘሎ ለቀቀ። ልመልሰው እጄን ሰደድኩ። የተንጠለጠለ ብረት ያታልላል፤ በአንድ እጅ ገፋ ሲያደርጉት ይሄዳል፣ የማይቻለው ማስቆሙ ነው። ሁለት ጣቶቼ እዚያው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሰው አዲሱን ፎቅ ሲያደንቅ እኔ የማየው ክሬኑ ሥር ያለውን ነው፤ ማን ቆሟል፣ እጁስ የት ነው? ባለቤቴ «ዕረፍትም የለህ» ትለኛለች።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ብረቱ ጫፍ ላይ የታሰረውን ረጅም ገመድ አስያዝኩትና ከክምሩ አራቅሁት። ብረቱ ተነሣ፤ ቆመ። አንደኛው ጫፍ ዘቅዘቅ አለ። ጣቴን ወደ ታች አመለከትኩ፤ አወረድነውና እስሩን አንድ ክንድ ያህል አዛወርን። ልጁ የግራ እጄን አየ። ፎርማኑ ሰዓቱን አየ።