ኃላፊነት ቀድሞ፣ ዕውቅና ዘግይቶ፦ የዕድገት ደረጃዎች ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲታዩ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ልቦና ትምህርት የሰው ልጅ ዕድገት አብዛኛውን ጊዜ እንደ መሰላል ይቀርባል። ዣን ፒያዤ የአስተሳሰብን ዕድገት በ4 ደረጃዎች ከፍሎ የመጨረሻውን፣ ረቂቅ ነገርን በአመክንዮ የመመርመርን ችሎታ፣ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ጀምሮ ያስቀምጣል። ኤሪክ ኤሪክሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ሥራው ሕይወትን ከልደት እስከ እርጅና በ8 ደረጃዎች አደራጅቷል፤ ወጣቱ በመጀመሪያ ማንነቱን ያጸናል፣ ቀጥሎ የልቡን ሰው ያገኛል፣ በጎልማሳነቱም ተከታዩን ትውልድ ወደ ማሳደግ ይሸጋገራል። ይህ ቅደም ተከተል ጮክ ብሎ የማይነገር አንድ እምነት አዝሏል፤ ሰው ለአንድ ደረጃ ሲበቃ ማኅበረሰቡም ቦታውን ይለቅለታል የሚል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር እምነቱ ቢያንስ ከወጣትነት ወደ ጎልማሳነት በሚደረገው ሽግግር ላይ አይሠራም የሚል ነው። የአዋቂን ኃላፊነት መሸከምና እንደ አዋቂ መቆጠር በከተማችን ተለያይተዋል። ኃላፊነቱ ዕድሜን ቀድሞ ይመጣል፤ ዕውቅናው ግን ጎጆ መውጫ እስኪገኝ ይዘገያል።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይህን ለመመርመር የሚመች ክፍለ ከተማ ነው። የለቡ ቪላዎች፣ የጀሞ ኮንዶሚኒየሞችና የሃና ማርያም የኪራይ ክፍሎች በአንድ አስተዳደር ሥር ቢሆኑም፣ በውስጣቸው የሚኖሩ የዕድሜ እኩዮች አንድ ደረጃ ላይ አይደሉም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የተቀጠረችን የ17 ዓመት ልጅ እንውሰድ። ቀን የአሠሪዎቿን ሕፃን ታዝላለች፣ ታጥባለች፣ ትመግባለች፤ ሲመቻት የማታ ትምህርት ትከታተላለች፤ ከደመወዟ ላይ ቀንሳ ለታናናሾቿ የደብተርና የልብስ ትልካለች። በኤሪክሰን አከፋፈል ገና 5ኛው ደረጃ ላይ ሆና ማንነቷን በመፈለግ ላይ ናት። በተግባር ግን 6ኛውን ዘላ የ7ኛውን ሥራ ይዛለች። ይህን ሁሉ ተሸክማም ስለ ደመወዟ የሚነጋገሩት ብዙውን ጊዜ ደላላውና አሠሪዋ ናቸው። ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 20 ቦታዎች 3,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል የቆየው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት፣ ሥራና ታናናሾችን መንከባከብ በብዙ ልጆች ሕይወት ከትምህርት ጎን ለጎን የሚሄዱ መሆናቸውን አሳይቷል።

ዕውቅናው በምን እንደሚለካ ለማወቅ የዕድር መዝገብ መግለጥ ይበቃል። በአብዛኞቹ የአዲስ አበባ ዕድሮች አባል የሚሆነው አባወራው ወይም እማወራዋ ነው። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ከዕድሩ ዕቃ ቤት ተሸክሞ የሚያመጣው የሰፈሩ ጎረምሳ ነው፤ ወርኃዊው መዋጮ ግን በአባቱ ስም ይከፈላል፣ ስብሰባ ላይም የሚቆጠረው የአባቱ ድምፅ ነው። ይህ ሰው 34 ዓመት ሊሞላው፣ ዲግሪ ሊኖረው፣ የቤቱንም አስቤዛ ግማሽ ሊሸፍን ይችላል። የራሱን በር እስካልከፈተ ድረስ በመዝገቡ ላይ የአባቱ ቤተሰብ ነው። በሩ የሚከፈትበት ጊዜ ደግሞ በእጁ አይደለም። ለጋራ መኖሪያ ቤት በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገቡት መካከል እስከ 2011 ዓ.ም. የ13ኛ ዙር ዕጣ ድረስ የጠበቁ ነበሩ፤ በ25 ዓመቱ የተመዘገበ ሰው ያን ጊዜ 39 ዓመቱ ነው። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 የተመዘገበው ቆጣቢም በየወሩ ባንክ ሲያስገባ ዕጣው መቼ እንደሚወጣለት ሳያውቅ ነው። ኤሪክሰን በሰው ውስጣዊ ብስለት ያሰላው ደረጃ እዚህ በቁጠባ ደብተርና በዕጣ ተወስኗል።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ መዘግየቱ ምርጫ ነው የሚል ይሆናል። ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለውን ጊዜ ራሱን የቻለ የዕድገት ደረጃ አድርጎ፣ ዋና መለያውም ሙከራና ፍለጋ መሆኑን ተናግሯል። የአገራችን አኃዝ ለዚህ አስተያየት ድጋፍ የሚሰጥ ይመስላል፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ በአገር ደረጃ 17 ዓመት ገደማ፣ በአዲስ አበባ ግን 24 ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው አግብተዋል። የዚህ ልዩነት አንዱ ክፍል በእርግጥም ትምህርት ያመጣው ነፃነት ነው፤ በተለይ ያለዕድሜ ጋብቻን ላመለጠች ሴት ትርፉ ቀላል አይደለም። ሆኖም ለመምረጥ መዘግየትና መምረጥ ስላልተቻለ መዘግየት አንድ አይደሉም። ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ሥራ አጥ ወጣቶች ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ ያገኛቸው ወንዶች ትዳርና አባትነት የሚፈልጉ፣ መንገዱ ግን የተዘጋባቸው ናቸው። ወላጆቹ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚከፍሉለት የለቡ ወጣት አርኔት ያለውን ፍለጋ ሊያካሂድ ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ የሚኖረው የጀሞ ተከራይ የያዘው ጥበቃ ነው፤ ሁለቱን በአንድ የደረጃ ስም መጥራት ልዩነታቸውን ይሸፍናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሥነ ሕይወታዊ ነው፤ ጉርምስናም የአንጎል ብስለትም የዕድር መዝገብ አይጠብቁም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አካሉም ቢሆን ከኑሮ ውጭ አያድግም። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት የሌላቸው በአገር ደረጃ 38 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ ነበሩ፤ ተፈጥሮ አንድ ሆኖ ውጤቱን ያራራቁት ምግብ፣ ንጹሕ ውኃና የእናት ጤና ናቸው። ፒያዤም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ የመጨረሻው ደረጃ የሚደረስበት ዕድሜ እንደየሰዉ ሙያና ሁኔታ ሊለያይ እንደሚችል ተቀብሏል። ስለዚህ ክርክሩ ተፈጥሮን የሚክድ ሳይሆን የድርሻን መቀያየር የሚያሳይ ነው፤ በጨቅላነት አካል ይመራል፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥር የተቋማት ሚዛን ይከብዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወግ ወዳዱ ወገን ይመጣል። ጥንት ደረጃው የታወቀ ነበር፣ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ተነሥተው፣ በወጉ ተድረው፣ በጊዜያቸው ለሽምግልና ይበቁ ነበር፣ ያፈረሰው ከተሜነት ነው ይላል። ግን በአማራ ገጠርም ልጅ ጎጆ የሚወጣው ዕድሜው ስለደረሰ ብቻ አልነበረም፤ ወላጆቹ መሬትና በሬ ሲቆርጡለት ነው። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ድልድል በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰው ትውልድ በአብዛኛው የሚጠብቀው የወላጆቹን ቁራሽ ማሳ ነው፤ ማሳው ለሁሉም ስለማይበቃ ከፊሉ ወደ ከተማ ይሰደዳል። ወደ ሃና ማርያም የኪራይ ክፍሎች ከሚገቡት መካከል እንዲህ ያሉት ይገኙበታል። ወጉም ያረፈው በጥሪት ላይ ነበር፤ ጥሪቱ ሲያልቅ ወጉ ብቻውን ሰውን ጎልማሳ ሊያደርግ አልቻለም።

ሕጋችን ግን አሁንም የሚቆጥረው ዓመትን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻን ከ18 ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳል፤ የ1996 ዓ.ም. የወጣቶች ፖሊሲም ወጣትን ከ15 እስከ 29 ዓመት ይወስናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሰኖች ልጅን ከጉዳት ስለሚከላከሉ በዓመት መቆጠራቸው ተገቢ ነው፤ በዳኛ ወይም በወላጅ ግምት ቢተኩ ተጎጂዋ ልጅቷ ናት። ሦስተኛው ግን የሚያከፋፍለው ዕድልን ነው። በ29 ዓመቱ የሚያበቃ ወጣትነት፣ ቤት ሳያገኝ 35 ዓመት የሞላውን ሰው ከወጣትነት ያስወጣዋል እንጂ ወደ ጎልማሳነት አያስገባውም። የዕድገት ሥነ ልቦናችንም ደረጃን ሲያስተምር ሁለት ነገር ለይቶ መለካት ይገባዋል፤ ሰውየው ምን እየተሸከመ እንደሆነና ማኅበረሰቡ ምን ብሎ እንደሚቆጥረው። የ17 ዓመቷ ሠራተኛ በመጀመሪያው መለኪያ ጎልማሳ፣ በሁለተኛው ልጅ ናት፤ በአባቱ ቤት የሚኖረው የ34 ዓመት ሰውም እንደዚያው። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሸክሙን ማቅለል ነው፤ ለእሱ የሚያስፈልገው በር መክፈት ነው። አንድ የዕድሜ ሠንጠረዥ ብቻ የያዘ ባለሙያ ወይም ፖሊሲ አውጪ ሁለቱንም «ገና ያልበሰሉ» ብሎ ያልፋቸዋል።